ለተራራ አደን የሚሆን ቦት ጫማ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሀዋሳ ላይ ሆናችሁስ እንዴት እንደምትፈትኑት

ይሄን የምጽፈው ባሌ ተራሮች ላይ የአንድ ጫማ ሶል ጉድ ስለሰራኝ ነው። ስራዬ አደን ካምፕ ውስጥ ነው፣ ፈቃድ ይዘው የደጋ አጋዘን ለማደን ከሚመጡ እንግዶች ጋር እቃ ተሸክሞ መውጣት መውረድ። ቤቴ ሀዋሳ ስለሆነ ጫማዬን የገዛሁት እዚሁ ከሳልቫጅ ነው፣ ቆዳው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረበትም፣ ሽቅቡን ሙሉ ምንም ሳይል አወጣኝ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ተረከዜ ስር የሆነ ነገር ሲሟሽሽ ተሰማኝ፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው ሶሉ አፉን ከፍቷል፣ በቆዳውና በጎማው መሀል ያለው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። በሲባጎ ጠፍሬ አስሬው በአንድ እግሬ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ፣ ካምፕ ስደርስ ጨልሟል፣ የሁለት አውራ ጣቶቼ ጥፍር ደሞ በሳምንቱ ጠቁሮ ወለቀ።

ከዛ ወዲህ አዲስ ጫማ ሳልፈትን ተራራ አልወጣም፣ የምፈትነውም ቁልቁለት ላይ ነው። ሽቅብ ላይ ሁሉም ጫማ ደህና ይመስላል፣ ሰውነታችሁ ቀስ እያለ ነዋ ሚሄደው። ቁልቁል ስትመጡ ግን ክብደታችሁ በሙሉ ጣታችሁ ላይ ነው ሚያርፈው፣ ልኩ፣ ሶሉ፣ አስተሳሰሩ ሁሉም እዛ ላይ ይታያል።

መጀመሪያ የምትሄዱበትን መሬት እወቁ

ሀዋሳ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሙቀት ናት፣ መንገዷም ሜዳ ነው፣ ስለዚህ እዚ የተመቸ ጫማ እዛ ይመቻል ማለት አደለም። ባሌ ያለው የሳነቲ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከዛ ዝቅ ሲባል ደሞ አስታ የሚባለው ዛፍ ጫካ አለ፣ ስሩ መሬት ላይ ተጋድሞ የዛፍ ሽበት ለብሶ ጠዋት በጤዛ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሜዳ በሚመስለው ሳር ላይ ደሞ የፍልፈል ጉድጓድ ሞልቷል፣ ከላይ ደህና መሬት ይመስላችኋል ስትረግጡት ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል። ለአደን ወደ ሙኔሳ ጫካ ምትሄዱ ከሆነ ደሞ ጭቃና የበሰበሰ ቅጠል ነው።

ስለዚህ ምንፈልገው ጫማ ቁርጭምጭሚትን አልፎ ከፍ ያለ (ከውስጥ ከተረከዙ ጀምሮ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ)፣ ጎን ለጎን የማይጠመዘዝ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ ነው። የአካባቢው መንገድ መሪዎች በኮንጎ ጫማ ከኛ ቀድመው ሲወጡ አይታችሁ ይሆናል፣ እውነት ነው ይወጣሉ፣ ግን እነሱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንን ገደል የረገጡ ናቸው፣ የኛ የከተማ እግር ያን ጉልበት የለውም።

በነገራችን ላይ ያለ ፈቃድ አደን ወንጀል ነው፣ ፈቃዱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ጋር ነው ሚያልቀው፣ ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ጨርሱ።

ገበያ ላይ፣ በእጃችሁ መርምሩት

ሀዋሳ ላይ ያለው ምርጫ ሶስት አይነት ነው፣ አዲስ ከሱቅ፣ ሳልቫጅ፣ እና ከስክስ። ከስክስ ርካሽና ጠንካራ ነው ግን አብዛኛው ለሜዳ ሰልፍ የተሰራ ስለሆነ ሶሉ መሀሉ ላይ ይታጠፋል፣ ቁልቁለት ላይ በጎን ስትረግጡ እግራችሁን ይዞ ይገለበጣል፣ ለበጋና ለቀላል ጫካ እንጂ ለገደል አልመክረውም። ደህና የተራራ ጫማ ሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሳልቫጅ ውስጥ ነው፣ አደጋውም እዛው ነው።

ጫማውን አፍንጫውንና ተረከዙን ይዛችሁ እንደ ጨርቅ ጭመቁት፣ ጥሩ የተራራ ጫማ እምቢ ይላችኋል። እንደ ስኒከር ከተጠመዘዘ አስቀምጡት። ቀጥሎ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክላችሁ ተረከዙን ተጫኑ፣ መታጠፍ ያለበት ጣታችሁ ሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትንሽ ብቻ ነው፣ መሀሉ ላይ ከታጠፈ ውስጡ ጠንካራ ዘንግ የለውም ማለት ነው። አንዴ አንድ ሻጭ «ወንድሜ ገዝተህ እቤትህ ጠምዝዘው» አለኝ፣ «እንደዛ ከሆነ እቤቴ አይሄድም» ብዬ መለስኩለት፣ ስቆ ሌላ አወጣልኝ፣ ያንን ነው አሁን ማደርገው።

ከሁሉም በላይ ግን ስፖንጁን እዩ፣ እኔን የጣለኝ እሱ ነው። ከጎማው በላይ ከቆዳው በታች ያለው ድርብ ብዙ ጫማ ላይ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ነገር ነው ሚሰራው። ሲረገጥ ይመቻል ጉልበትም አለው፣ ነገር ግን ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ቀስ በቀስ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚያሳዝነው ደሞ ባይደረግም ያረጃል፣ አንድ ጫማ ካርቶን ውስጥ 8 አመት ተቀምጦ ቆዳው አዲስ ሊመስል ይችላል፣ ስፖንጁ ግን አልቋል። ስለዚህ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ስፖንጁ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ተጫኑና ልቀቁት። ጤነኛው እንደ ላስቲክ ይመለሳል። የታመመው የጥፍራችሁን ምልክት ይዞ ይቀራል፣ ወይ ፍርፋሪ ይለቃል፣ ወይ ደሞ ቀጭን እንደ ፀጉር የሆነ ስንጥቅ ታያላችሁ፣ በተለይ እግር በሚታጠፍበት ጋ። የጫማውን ምላስ ገልጣችሁ ውስጡ ያለውን ትንሽ ጨርቅ ካነበባችሁ የተሰራበት ወርና አመት አንዳንዱ ላይ ተጽፏል፣ ከ5 አመት ካለፈ ጥፍራችሁን ደጋግማችሁ ተጠቀሙ። ጫማ ሰፊ በማስቲሽ ይለጥፈዋል ብላችሁ እንዳትታለሉ፣ ማስቲሽ የተገነጠለን ጎማ ይይዛል እንጂ የበሰበሰን ስፖንጅ አያድንም፣ የሚይዘው ነገር የለማ።

ሶሉ ላይ ቢጫ ባለ ስምንት ማእዘን ምልክት ካያችሁ ቪብራም ነው፣ ደህና ጎማ ነው። ታሪኩም ያስገርመኛል፣ ቪታሌ ብራማኒ የሚባል ጣልያናዊ ተራራ ወጪ በ1935 እንደ ፈረንጆች ስድስት ጓደኞቹን አልፕስ ተራራ ላይ ካጣ በኋላ ነው፣ ጫማቸው ለዛ ብርድና በረዶ የሚሆን ስላልነበረ፣ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል የሰራው፣ ወጥቶ ስራ ላይ የዋለው በ1937 ነው። ግን ምልክቱ ብቻውን አይበቃም፣ አስመስሎ የተሰራም አለ፣ ጥርሱም ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ተረከዙ ከፊት በኩል ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ይሁን፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሚሆናችሁ እሱ ጠርዝ ነው።

ልኩን ማታ ለኩ

እግር ቀን ሲውል ያብጣል፣ ስለዚህ ጠዋት የገዛችሁት ጫማ ከሰአት ይጠባል። ከ11 ሰአት በኋላ ሂዱ፣ ተራራ ላይ ምታደርጉትን ወፍራም ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን ወደፊት ገፍታችሁ ጣታችሁ አፍንጫውን ሲነካ ከተረከዛችሁ ኋላ አንድ ጣት ሊገባ ይገባል። ከዛ ተረከዛችሁን ወደኋላ መትታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩና ደረጃ ፈልጉ፣ ደረጃ ከሌለ የሱቁ መግቢያ ላይ ያለ ተዳፋት ይበቃል፣ ቁልቁል ቆማችሁ ሰውነታችሁን ወደፊት ጣሉ፣ መሬቱንም ሁለት ሶስቴ ምቱት። ጣታችሁ አፍንጫውን ከነካ ግማሽ ቁጥር ጨምሩ። «ይሰፋል» የሚል ሻጭ አትስሙ፣ ቆዳ ጎኑ ላይ ትንሽ ይለጠጣል፣ ርዝመቱ ግን አይጨምርም።

ካልሲው ሱፍ ይሁን፣ ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚቆይ እግር ይልጣል።

እቤት ውስጥ

ሳታቆሽሹት የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀን ማታ ማታ ቤት ውስጥ አድርጉት፣ ከሻጩ ጋር ለመቀየር ተነጋግራችሁ ከሆነ ንፁህ መሆኑ ይጠቅማችኋል። ሚቆረቁራችሁን ቦታ ልብ በሉ፣ በሶስተኛው ቀንም እዛው ቦታ ላይ ከሆነ ጫማው ከእግራችሁ ጋር አይስማማም።

ውሃ ያስገባ እንደሆነ ለማየት ሀይቅ ዳር ሄዶ መቆም ያምራል ግን አታድርጉት፣ የሀዋሳ ሀይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ሳፋ ውስጥ እስከ ምላሱ ስር ድረስ ውሃ ሙሉ፣ ጫማው ውስጥ ሶፍት ጠቅጥቁና ውሃው ውስጥ አስቀምጡት፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጨምሩበት፣ ሩብ ሰአት በቂ ነው። ሶፍቱን ስታወጡት የረጠበበት ቦታ ቀዳዳው የት እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ስፌቱ ላይ ከሆነ በሰም ይስተካከላል። ውስጡ ጎርቴክስ የሚባለው ስስ ገበር ያለበት አሮጌ ጫማ ግን ከጣት መታጠፊያው ጋ ካስገባ ገበሩ ተቀዷል ማለት ነው፣ እሱ አይጠገንም፣ ለበጋ ብቻ ተጠቀሙበት።

ታቦርና አላሙራ

አሁን ወደ ዋናው ፈተና። የመጀመሪያው ሳምንት ከፒያሳ እስከ ሀይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት ሂዱ፣ አንድ ሰአት ይበቃል፣ ቆዳው እንዲለምዳችሁ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ታቦር ላይ ውጡ። ታቦር ትንሽ ኮረብታ ስለሆነች ሶስት አራቴ ወጥቶ መውረድ ይቻላል፣ እሱ ነው ጥቅሟ፣ እያንዳንዱን ምልልስ አንድ ነገር እየቀየራችሁ ውረዱ። በመጀመሪያው በተለመደው አስተሳሰር፣ በሁለተኛው ክሩን ቁርጭምጭሚት ጋ ሁለቴ ጠምዝዛችሁ ቆልፉት፣ ማለትም ተራ ቋጠሮ ላይ አንድ ዙር ጨምሩና ሳቡት፣ ያ ቋጠሮ ከስሩ ያለውን ክር እንዳይላላ ይይዘዋል፣ ከሱ በላይ ያለውን ለብቻው አስተካክላችሁ ታስራላችሁ። ለቁልቁለት የታችኛው ጠበቅ ይበል፣ እግር ወደፊት እንዳይንሸራተት። ለሽቅብ ደሞ የላይኛውን ላላ አድርጉት ባታችሁ እንዲሰራ። ይሄን አንድ ነገር ብቻ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ጥፍሬ ባልወለቀ ነበር።

በሶስተኛው ምልልስ መንገዱን ትታችሁ ተዳፋቱን በጎን አቋርጡ፣ አንዴ ቀኝ ጎናችሁ ወደ ገደሉ፣ ስትመለሱ ደሞ ግራው። የጫማው ጠርዝ ብቻ አፈሩን ነክሶ ይዞ ከቆመ ጥሩ ነው፣ እግራችሁ ጫማው ውስጥ ወደ ታች ከተንሸራተተ ወይ ሶሉ ከታጠፈ ያ ጫማ ባሌ ላይ ያስቸግራችኋል።

ሶስተኛው ሳምንት አላሙራ ተራራ ላይ፣ በሸክም። ቦርሳ ውስጥ አራት ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ከሞላችሁ 8 ኪሎ ነው፣ በቂ ነው፣ ከደከማችሁ ደሞ እላይ አንዱን መድፋት ትችላላችሁ። ከዝናብ ማግስት ሂዱ። በየግማሽ ሰአቱ ቆም በሉና የሞቀ ቦታ እንዳለ ጠይቁት እግራችሁን፣ ማቃጠል ሲጀምር ነው ፕላስተር ሚለጠፈው፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይቷል። ስትወርዱ ጣታችሁ ስንት ጊዜ አፍንጫውን እንደመታ ቁጠሩ፣ ሁለት ሶስቴ ከሆነ ክሩን አጥብቁ፣ በየእርምጃው ከሆነ ግን ልኩ ነው ችግሩ፣ ሽጡት።

ለአዳኝ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ፣ ድምፅ። የደጋ አጋዘን ጆሮው አይጣል ነው፣ ጫማ ሲንጫጫ ከሩቅ ሰምቶ ይሄዳል። ጠዋት ፀጥ ሲል ቀስ ብላችሁ ሂዱና አዳምጡት፣ ድምፁ ከምላሱ ከሆነ ሰም ይቀቡታል፣ ከውስጥ ንጣፉ ከሆነ ንጣፉን አውጥቶ ከስሩ ትንሽ ፓውደር መበተን ይበቃል፣ ከሶሉ ውስጥ ከሆነ ግን የሆነ ነገር እየለቀቀ ነውና ወደ ስፖንጁ ተመለሱ።

ካምፕ ውስጥ

ጥሩውን ጫማ ገዝቶ እሳት ዳር ማበላሸት በጣም የተለመደ ነው። የረጠበ ቦት እሳት አጠገብ ሲደረግ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የሶሉ ማጣበቂያ ይለቃል፣ ጠዋት ላይ ጫማው ጠንክሮ እግር አያስገባም። ንጣፉን አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ከአንድ ሰአት በኋላ ጋዜጣውን ቀይሩት፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ስር ተዉት። ሌሊት ውርጭ በሚሆንበት ቦታ ደሞ በፌስታል ጠቅልላችሁ መኝታ ከረጢታችሁ ውስጥ እግራችሁ ጋ አስገቡት፣ ውጪ ካደረ እንደ እንጨት ይደርቃል። ትርፍ ክር አንድ ጥንድ፣ ሁለት ሜትር ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ ጥፍር መቁረጫ በቦርሳው ላይኛ ኪስ ውስጥ ይሁኑ። ጥፍራችሁን ከመውጣታችሁ ሁለት ቀን በፊት ነው ምትቆርጡት፣ በዋዜማው ከቆረጣችሁ የተቆረጠው ጠርዝ አጠገቡ ያለውን ጣት ይወጋል።