ቡድናችሁ ሲያጠቃ ኋላውን እዩ፦ የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ እንዴት እንመልከት?

ግንቦት ሲገባ በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬም ሆነ በለገጣፎ ኳስ ማሳያ ቤቶች የሚሰማው ስጋት ተመሳሳይ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲያሸንፍ የከረመ ቡድን ደጋፊ አንድ ጨዋታ ሲቀረው «የኋላ መስመሩ በጣም ወደ ፊት ወጥቷል»፣ «ኳስ ይይዛል እንጂ አያገባም»፣ «አሰልጣኙ ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይሞክርብን» ይላል። ሦስቱም ስጋቶች መሠረት አላቸው። ነገር ግን አብዛኛው ተመልካች ኳሷን ብቻ ስለሚከተል ስጋቱ እውነት መሆኑን የሚያውቀው ግብ ከተቆጠረበት በኋላ ነው። ቀድሞ ለማወቅ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ እና ዓይንን ከኳሷ ማንሳት ይበቃል።

መጀመሪያ ቦታችሁን ያዙ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻ ቀን ጨዋታዎች ሁሉም በአንድ ሰዓት ይጀመራሉ፤ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ለዓመታት ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲጀመር ቆይቶ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር (ዩኤፋ) ከ2026 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ጀምሮ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት አምጥቶታል። ያም ሆኖ ጭማሪ ሰዓትና ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል፤ በከተማዋ ዳር ደግሞ በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ በእግር የምትመለሱበትን ቤት ምረጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ጀነሬተር መኖሩንና ነዳጅ መሞላቱን ጠይቁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዲኮደሩ እንደገና እስኪነሳ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ በመዝጊያ ጨዋታ ደቂቃዎች ምን ያህል ዋጋ እንዳላቸው ከዚህ በታች ታያላችሁ። የፊተኛው አግዳሚ ላይ አትቀመጡ። የስክሪኑ አራቱም ማዕዘኖች ያለ አንገት መዞር የሚታዩበት፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ያለ ቦታ ይሻላል። ቤቱ ሁለት ስክሪን ከፍቶ ተፎካካሪያችሁንም የሚያሳይ ከሆነ ከዚያኛው ራቁ፤ ጩኸቱ ዓይናችሁን የሚነጥቀው ቡድናችሁ ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱ ላይ ሜዳ ሣሉ። በርዝመቱ ለሦስት፣ በወርዱ ለአምስት ክፈሉት፤ 15 ሳጥን ይወጣል። አምስቱ መንገዶች ሁለቱ የመስመር ዳር፣ ሁለቱ የውስጥ መንገድ (በዳሩና በመሃሉ መካከል ያሉት)፣ አንዱ መሃል ናቸው። ከሥዕሉ በላይ ዛሬ የሚበቃው ውጤት ምን እንደሆነ ጻፉ፦ አቻ ወይስ ማሸነፍ? ሕጉ በየሊጉ ይለያል። በእንግሊዝ ነጥብ እኩል ሲሆን የግብ ልዩነት ይቀድማል፤ በ2004 ዓ.ም. ማንችስተር ሲቲና ማንችስተር ዩናይትድ ሁለቱም በ89 ነጥብ ጨርሰው ዋንጫውን የወሰነው 64 ለ56 የሆነው የግብ ልዩነት ነበር። በስፔን ግን መጀመሪያ የሚታየው የሁለቱ ቡድኖች የእርስ በርስ ውጤት ነው። ይህ ከስልት ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ አቻ የሚበቃው ቡድን ሁለቱንም የመስመር ተከላካዮች በአንድ ጊዜ ወደ ፊት የሚልክበት ምክንያት የለውም። ከላከ የመጀመሪያው ስጋት ከወዲሁ ተረጋግጧል።

አሰላለፉ የሚታወቀው ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ገደማ ሲቀረው ነው። ሦስተኛው ስጋት፣ የአሰልጣኙ አዲስ ሙከራ፣ የሚታየው እዚህ ነው፤ ከአጥቂዎቹ በፊት የተከላካይ አማካዩን ፈልጉ። ግንቦት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ፖርቶ ከተማ በተደረገው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የያኔው የሲቲ አሰልጣኝ ጋርዲዮላ ሮድሪንም ፈርናንዲንሆንም ተጠባባቂ አድርጎ ጉንዶጋንን ከተከላካዮቹ ፊት አቆመ። በ42ኛው ደቂቃ የቼልሲው ማውንት በአንድ ኳስ የኋላውን መስመር ሰነጠቀው፣ ሀቨርትዝ ኤደርሰንን አልፎ አገባ፣ ቼልሲ 1 ለ0 አሸነፈ። ሽንፈቱን ሁሉ በአንድ ምርጫ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሆኖም የለመደው ዘብ ከመሃል የጠፋበት አሰላለፍ ስታዩ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች መሃሉን ብቻ ተመልከቱ።

አሁን ዋናው ሥራ። ቡድናችሁ ኳሷን በተጋጣሚው የመጨረሻ ሲሶ ውስጥ ሲይዝ ዓይናችሁን ወደ ኋላ መልሱና ስንት ሰው እንደቀረ ቁጠሩ። ጤነኛው ቁጥር 5 ነው፦ ሦስት ተከላካይና ከፊታቸው ሁለት አማካይ፣ ወይም ሁለትና ሦስት። ተጋጣሚው ከፊት አንድ አጥቂ ብቻ ከተወ ሁለት ተከላካይ፣ ሁለት ከተወ ሦስት ያስፈልጋል፤ ሁልጊዜ አንድ ሰው ትርፍ። የቴሌቪዥን ካሜራ ሜዳውን በሙሉ ስለማያሳይ የማይታየውን በግምት አትሙሉ። ካሜራው ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ወይም ማዕዘን ምት ሊመታ ሰፋ አድርጎ ሲያሳይ ቁጠሩ።

ኳሷ ስትነጠቅ በልባችሁ እስከ አምስት ሰከንድ ቁጠሩና የተነጠቀችበት ሳጥን ላይ አንድ ፊደል ጻፉ። በአምስቱ ሰከንድ ውስጥ ካስመለሷት «መ»፣ በጥፋት ካስቆሙ «ጥ»፣ ተጋጣሚው መሃል ሜዳውን ተሻግሮ ፊቱን ወደ ግብ ካዞረ «አ»፣ አመለጠ ማለት ነው። ግብ ባይገባም «አ» ያው «አ» ነው። በ15 ደቂቃ አንድ «አ» የተለመደ ነው። ሦስት ከሆነ፣ በተለይ ከአንድ ሳጥን የወጡ ከሆኑ፣ ስጋታችሁ ልክ ነው። «ጥ» ሲበዛ ደግሞ ማን እንደሠራው ጻፉ፤ የተከላካይ አማካዩ በመጀመሪያው አጋማሽ ቢጫ ካርድ ካየ ከእረፍት በኋላ ያንን ሩጫ በጥፋት ማስቆም አይችልም።

«አ» የሚመጣው በአብዛኛው ከሦስት ምክንያቶች በአንዱ ነው። ወይ ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች አብረው ወጥተዋል፣ ወይ አማካዮቹ ኳሷ ከተነጠቀችበት ሰው ርቀዋል፣ ወይ ደግሞ የኋላ መስመሩ ወደ ፊት ወጥቶ ሳለ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ ማንም አይጫነውም። የከፋው የመጨረሻው ነው። ኳስ የያዘው ሰው ጫና ከሌለበት ቀና ብሎ ያያል፣ ረጅሙን ኳስ ከተከላካዮቹ ጀርባ ይጥላል። በ2016 ዓ.ም. የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ዩናይትድ በሲቲ ላይ የመጀመሪያውን ግብ ያገኘው እንዲህ ባለ ረጅም ኳስ ነው፦ የሲቲው ተከላካይ ግቫርዲዮል ወደ ኋላ እየሮጠ በጭንቅላቱ ለበረኛው ሊመልስ ሲሞክር ኦርቴጋ ወጥቶ ስለነበር ኳሷ አልፋው ጋርናቾ ባዶ ግብ አገኘ። ብዙ ሰው ግቫርዲዮልን ወቀሰ። መታየት ያለበት ግን ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ነው፤ ስትመታ ከመቺው አጠገብ ማን ነበር?

ሁለተኛው ስጋት፣ ኳስ ይዞ አለማግባት፣ የሚለካው በኳስ ቁጥጥር መቶኛ አይደለም። ከመስመር ወደ መሃል ተከላካይ፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው መስመር ኳሷ ስትመላለስ ወረቀታችሁ ላይ ዳር ዳሩ ብቻ ይቆሽሻል። ኳሷ በሁለቱ የውስጥ መንገዶች የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ በገባች ቁጥር ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ቦታ ወደ ኋላ ተቆርጣ የምትመለስ ኳስ ለተከላካይ በጣም አስቸጋሪ ናት፤ ፊቱ ወደ ራሱ ግብ ሆኖ እየሮጠ ከኋላው የሚመጣውን አያይም። ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ በቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ሲቲ ኢንተርን ያሸነፈባት የሮድሪ ግብ በ68ኛው ደቂቃ የመጣችው በርናርዶ ሲልቫ ወደ ኋላ ከመለሳት ኳስ ነው። በአንድ አጋማሽ ነጥቦቹ ከአራት ካነሱ አሰልጣኙ ሰው ሳይሆን ቦታ መቀየር አለበት። የማዕዘን ምቶችንም አትናቁ፦ በ2004 ዓ.ም. ሲቲ በኩዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ 2 ለ1 እየተመራ ዤኮ በ92ኛው ደቂቃ አቻ ያደረገው ከማዕዘን ምት በጭንቅላት ነው፤ ዋንጫውን ያስገኘችው የአጉዌሮ ግብ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

በእረፍቱ 15 ደቂቃ ሻይ እየጠጣችሁ ከጎናችሁ ካለው ጋር ከመከራከራችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ። «አ» የበዛበትን ሳጥን ክበቡ፣ ከዚያ አሰልጣኙ ያንን ሳጥን ነክቶ እንደሆነ ተከታተሉ። ቅያሪ የሚመዘነው በዚህ ነው እንጂ በገባው ሰው ስም አይደለም። ግንቦት 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲቲ በአስቶን ቪላ 2 ለ0 እየተመራ ሳለ የሆነውን አስታውሱ። ዚንቼንኮ በእረፍት ሰዓት በፈርናንዲንሆ ምትክ ገባ፣ ስተርሊንግ ተቀይሮ ገብቶ ቀኙን መስመር ያዘ፣ ጉንዶጋን በ68ኛው ደቂቃ ተከተለ። በ76ኛው ደቂቃ ስተርሊንግ አሻምቶ ጉንዶጋን በጭንቅላት አገባ፣ በ78ኛው ዚንቼንኮ ያቀበለውን ሮድሪ አስቆጠረ፣ በ81ኛው ጉንዶጋን ደ ብሩይነ ያሳለፈውን ጨረሰ። በአምስት ደቂቃ ሦስት ግብ፣ በሦስቱም ላይ የተቀያሪ እግር ወይም ጭንቅላት አለበት። ወረቀቱ ላይ ቢጻፍ ግራውም ቀኙም የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉም በቅያሪው መሞላታቸው ይታያል።

ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ የመስመር ተከላካዮቹን አመላለስ እዩ። ወደ ፊት በሩጫ ሄዶ በእርምጃ የሚመለስ ካለ ደክሟል፣ የሚቀጥለው «አ» ከእሱ ጀርባ ይመጣል። አምስት ቅያሪ ቢፈቀድም በጨዋታ መሃል የሚቆመው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አሰልጣኙ ሁለቱን ቀድሞ ከጨረሰ ለድንገተኛ ጉዳት የሚቀረው አንድ ነው።

መቁጠሩ መጀመሪያ ያደናግራል። ከትልቁ ጨዋታ በፊት እሁድ ጠዋት በሰፈራችሁ ሜዳ በሚደረግ ጨዋታ ላይ ተለማመዱ፤ ከጎል ጀርባ ብትቆሙ አምስቱ መንገዶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ማንን ማን እንደተወውም አይደበቅም።

ፍጻሜው ወደ ጭማሪ 30 ደቂቃ ከሄደ አዲስ ወረቀት አውጡ። ለየቡድኑ አንድ ተጨማሪ ቅያሪ ይፈቀዳል፣ ሜዳ ላይ ያለው አሰላለፍም ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም። በድሮው ወረቀት ላይ መቀጠል የተዘጋውን ሳጥን ክፍት፣ የተከፈተውን ዝግ ያስመስላል።