በልጆች ዕጢ ቀዶ ሕክምና ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በልጅ ሆድ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ሲገኝ ወላጅም ወጣት ሐኪምም የሚጠይቁት «መቼ ይወጣል?» ብለው ነው። አይፈረድባቸውም፤ ጠጣር ዕጢ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይድንም። ሆኖም ቀዶ ሕክምናው ከኬሞቴራፒ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው አስቀድሞ መወሰን አለበት። ደጋግሜ የማያቸው ጉዳቶች የሚመጡት ይህ ሳይወሰን ወደ ቢላዋ በመሮጥ ነው።

ዕጢውን መቅደድ። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ዊልምስ የተባለው የኩላሊት ዕጢ ለስላሳ፣ ሽፋኑም ስስ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ጎትተው ሊያወጡት ሲታገሉ ተቀዶ ሆድ ውስጥ ሲፈስ አይቻለሁ። ልጁ ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን በተባሉ ሁለት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ብቻ ሊድን ይችል ነበር። ዕጢው በመፍሰሱ ግን በሽታው ወደ 3ኛ ደረጃ ይወጣል፤ ልብን ሊጎዳ የሚችለው ዶክሶሩቢሲን የተባለ መድኃኒት ይጨመርለታል፤ ገና በሚያድግ ሆዱና አከርካሪው ላይ ጨረር ያርፋል። ለጠባሳ ማጠር ሲባል ልጅ ይህን ዕዳ አይሸከም! ሰፊ አድርጋችሁ ክፈቱ። ያለ ትግል እንደማይላቀቅ በምስል ከታየ ኬሞቴራፒው ይቅደም። በአውሮፓ መድኃኒት፣ በሰሜን አሜሪካ ቀዶ ሕክምና ይቀድማል፤ ዕጢው መቀደድ የለበትም በሚለው ግን ሁለቱም ይስማማሉ። ተረኛ ተማሪ ሁሉ የልጁን ሆድ እየጫነ እንዳይማርበትም ከልክሉ።

ትልቁን ደም መልስ ሳይመረምሩ መግባት። ዊልምስ በደም መልሱ ውስጥ ተስቦ እስከ ልብ ሊደርስ ይችላል። ቁራጩ ተላቅቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ልጁ ጠረጴዛው ላይ ይሞታል። አስቀድሞ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ።

ካንሰሩ ሊሰራጭባቸው ከሚችሉት በአካባቢው ካሉ የሊምፍ ዕጢዎች ናሙና ሳይወስዱ መዝጋት። በዐይን ንጹሕ የመሰለው ንጹሕ ላይሆን ይችላል፤ ናሙና ከሌለ ደረጃው በትክክል አይታወቅም፣ ልጁም ከሚገባው ያነሰ ሕክምና ሊያገኝ ይችላል።

ኒውሮብላስቶማን፣ ማለትም ከነርቭ ሴሎች የሚነሳውን የልጆች ዕጢ፣ እንደ ዊልምስ መቁጠር። ይህኛው ደም ቅዳዎችን እየከበበ ያድጋል። ጨርሶ ለማውጣት በሚደረግ እልህ ጤነኛ ኩላሊት የሚያጡ ልጆች አሉ። አደገኛው ዓይነት ከተወሰኑ የኬሞቴራፒ ዙሮች በኋላ ነው የሚነካው፤ በጨቅላዎች የሚታይ ትንሽ ዕጢ ደግሞ በራሱ ሊከስም ስለሚችል እየተከታተሉ መጠበቅ ይቻላል።

ናሙናን እንደ ቀላል ሥራ ማየት። የእግር አጥንት ዕጢ ላይ ወደ ጎን የተቀደደች ትንሽ ቁስል እግሩን ልታስቆርጥ ትችላለች፤ በኋላ ዕጢው ሲወጣ የናሙናው መንገድም አብሮ መውጣት አለበትና። ቁመቱን ተከትላችሁ ቅደዱ፤ ናሙናውን የሚወስደውም ዋናውን ቀዶ ሕክምና የሚሠራው ሐኪም ቢሆን ይመረጣል። የዘር ፍሬ ዕጢ በብሽሽት በኩል እንጂ በከረጢቱ በኩል አይወጣም። ሬቲኖብላስቶማ (የልጆች የዐይን ካንሰር) በተጠረጠረበት ዐይን ውስጥ ለናሙና መርፌ አይገባም።

የወጣውን ዕጢ ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ መሰንጠቅም ይቅር፤ ሳይቆረጥ ዕጢውን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ለፓቶሎጂ ሐኪሙ ይድረስ።

በመጨረሻ፣ «ዕጢው ወጥቷል» ተብሎ ሕክምና ማቋረጥ። ኬሞቴራፒ ከመምጣቱ በፊት ኦስቲዮሳርኮማ በተባለው የአጥንት ካንሰር እግራቸው ከተቆረጠ ልጆች አብዛኞቹ ወደ ሳንባ በተሰራጨ በሽታ ይሞቱ ነበር። መድኃኒቱ እንደሚቀጥል ለወላጆች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ንገሯቸው። በኋላ የሰሙት ቀዶ ሕክምናው ያልተሳካ ይመስላቸውና ልጁን ይዘው ይቀራሉ።