ኬብል ሳይቃጠል መዳብ ማውጣት፦ ስራውን ከየት እንጀምር
የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ስራ ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ማሽኑ ስንት ነው ብሎ ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ ቆራሌው የሚያመጣላችሁን ኬብል ውፍረት እዩ ነው የምለው። ጋና አክራ አግቦግብሎሺ የሚባል ሰፈር ልጆች ኬብል እያቃጠሉ መዳብ ያወጡ ነበር፣ በእ.ኤ.አ. 2014 ፒዩር ኧርዝ የሚባል ድርጅት የኬብል ላስቲክ መላጫ ማሽን አስገባላቸው፣ ወፍራሙን ጥሩ አድርጎ ይልጥ ነበር ቀጫጭኑ ግን አስቸገረ፣ ስለዚህ ማቃጠሉ አልቆመም።

እና ወፍራሙን ከቀጭኑ ለዩ። ለወፍራሙ በእጅ የሚዞር መላጫ ይበቃል፣ መብራት ሲጠፋም ይሰራል። ምላጩ ላስቲኩን ብቻ እንዲሰነጥቅ አስተካክሉት፣ መዳቡን ከጫረ ወርዷል ማለት ነው ከፍ አድርጉት። የተላጠው መዳብ ቀይ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ የተቃጠለው ግን ጠቁሮ ስለሚመጣ ገዢ ዋጋ ይሰብርበታል። አንድ ቆራሌ ልጅ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳሳየው ሲያገላብጥ ቆይቶ "ይሄኛው አዲስ ነው እንዴ?" አለኝ፣ ከዛ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቀጭኑን ደሞ አትመልሱበት በጣም አደራ፣ በርካሽም ቢሆን በኪሎ ግዙት፣ ከመለሳችሁት ማታ የሆነ ቦታ መቃጠሉ አይቀርም፣ የላስቲኩ ጭስ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ አለው ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚተነፍሰው። በማዳበሪያ አጠራቅሙት፣ ሲበዛ ፈጭቶ መዳብና ላስቲክ የሚለየውን ማሽን ከሌሎች ጋር ተጋርታችሁ ግዙ፣ ትልቅ ብር የምታወጡት ያኔ ነው።

የድሮ ቲቪ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል የሚያውቅ ሰው ይፍታው፣ መስታወቱንም አትስበሩ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ በካቻቢቴ ከተወጋ እሳት ይነሳል፣ አውጥታችሁ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ለብቻ አስቀምጡ።

ማዘርቦርድ (የኮምፒውተር ዋናው ቦርድ) ላይ ወርቅ አለ ብለው አሲድ ውስጥ የሚዘፈዝፉ አሉ፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ፣ እንፋሎቱ ሳንባ ይጎዳል ፍሳሹም የሚደፋው ቦይ ውስጥ ነው። ወርቁን በአግባቡ የሚያወጡት ቤልጂየም እንዳለው ዩሚኮር አይነት ትልልቅ ማቅለጫዎች ናቸው፣ ወደ ውጭ ለመላክ ደሞ አደገኛ ቆሻሻ ከአገር አገር ሲሄድ የሚቆጣጠረው የባዝል ስምምነት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ቦርዱን ሳትነካኩ ፈቃድ ላለው ሰብሳቢ አስረክቡ።

ማታ የስራ ልብሳችሁን እዛው አውልቁ፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፣ የእርሳስ አቧራ በልብስ ቤት ገብቶ መሬት የሚድህ ህፃን እጅ ላይ ነው የሚያርፈው።