ቴነር ለጠፋበት ኳየር ዘፈን አመራረጥ

ዘፈን ከመምረጣችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። ወንድና ሴት አብረው በሚዘምሩበት የአካባቢ ኳየር ሴቶቹ ይበዛሉ፣ ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ይጠፋል። ካሉት 24 ሰዎች 10 ሶፕራኖ (ከፍ ያለ የሴት ድምፅ)፣ 8 አልቶ (ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ)፣ 2 ቴነር፣ 4 ባስ (ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ) ከሆኑ ባለ አራት ድምፅ ቅንብር አታንሱ። ሁለቱ ቴነሮች ለመሰማት ሲሉ ይጮኻሉ፤ አንዱ የቀረ ቀን መስመሩ ይፈርሳል። ወንዶቹን በአንድ መስመር አጣምሩና ባለ ሦስት ድምፅ ቅንብር ፈልጉ። የወንዶቹ መስመር ከኪቦርዱ መካከለኛ ዶ እስከ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ባለው ዶ መካከል ከሆነ ባሱም ቴነሩም ይደርስበታል።

ከዚያ ዜማው የት እንደሚቆይ እዩ። ልምድ የሌላት ሶፕራኖ ላይኛውን ሶል አንዴ ነክታ ትመለሳለች፤ ላይኛው ሚ እና ፋ ላይ የሚከርም ዘፈን ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ድምፁን ከትክክለኛ ቦታው ያወርደዋል። ዘፈኑን አንድ ሙሉ ድምፅ (ለምሳሌ ከሬ ወደ ዶ) ዝቅ አድርጉት፤ አልቶዎቹ ከመካከለኛው ዶ በታች ካለው ሶል እንዳይወርዱ ግን አረጋግጡ።

ብዙ ቅንብር የሚበላሸው በቅኝት ነው። የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ከእነዚህ የሚወጡት ሙሉ ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ሦስት ድምፆች) ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ብቻ ናቸው። አቀናባሪው በልማድ የፋ እና የሶል ኮርድ ሲጨምር በቅኝቱ የሌሉት ፋ እና ሲ ይገባሉ፤ ዘፈኑ ትዝታነቱን ያጣል። አምባሰል መነሻ ድምፁ ላይ ኮርድ የሚያሟላ ሦስተኛ (እንደ ከዶ እስከ ሚ ያለ ርቀት) የለውም፣ አንቺሆዬ ደግሞ ትክክለኛ አምስተኛ (እንደ ከዶ እስከ ሶል ያለ ርቀት) የለውም። ስለዚህ ለሁለቱ የሚሻለው አውጪና ተቀባይ ነው፤ ካስፈለገ ባሶቹ መነሻውን ይዘው ይቆዩ። በአንድ ድምፅ መዘመር ድክመት አይደለም።

ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ግጥም ከሆነ ዜማ ሳትጨምሩ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ «ገና አልመጣም» ነው። «ገ» ረጅም ኖታ ላይ ከወደቀ «ና» መጥበቁ ይጠፋል፣ አድማጭም የማይሆን ነገር ይሰማል። እዚህ ላይ ኖታውን ማሳጠር ወይም ቃሉን መቀየር ነው፤ ሌላ መላ የለውም።

ብዛቱን ሰዓት ይወስነው። በሳምንት 2 ሰዓት ለ10 ሳምንት 20 ሰዓት ይመስላል፤ አርፍዶ መምጣት፣ ድምፅ ማሟሟቅና ወሬ ሲቀነስ ወደ 15 ይወርዳል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ አዲስ ባለ ሦስት ድምፅ ዘፈን ቢያንስ 2 ሰዓት ይበላል፣ ክለሳውን ሳይጨምር። አምስት አዲስና አራት የሚታወቁ ዘፈኖች ይበቃሉ። ከአምስቱ ከባዱ አንድ ብቻ ይሁን፤ በዝግጅቱ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት፣ ያኔ ጉሮሮ ደክሟል።

ስትጠራጠሩ አልቶዎቹን ብቻ 20 ደቂቃ አለማምዱ። ሶፕራኖ ሳይረዳቸው የመጀመሪያውን አንቀጽ መያዝ ካልቻሉ ዘፈኑን ለሌላ ዓመት አቆዩት።