በደላላ በኩል ቤት እንዴት እንደሚገዛ

1. ቤት ማየት ሳይጀምሩ አቅምዎን ይወቁ። በብድር የሚገዙ ከሆነ ባንኩ ስንት ሊያበድርዎ እንደሚችል በጽሑፍ ይያዙ፤ የስም ማዛወሪያ፣ የውል ምዝገባና የኮሚሽን ወጪውን ካለዎት ላይ ይቀንሱ። የሚተርፈው ቁጥር ጣሪያዎ ነው፤ ለደላላው አይነገርም። ጣሪያዎ 100 ከሆነ 85 ይበሉት። ሙሉውን ካወቀ ከዚያ በታች ያሉት ቤቶች ድንገት «ተሸጡ» ይባላሉ።

2. ደላላው የማን እንደሆነ ይለዩ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮሚሽን የሚከፍልህ ማነው?» ይሁን። ሻጩ ብቻ ከሆነ ሰውየው የሻጩ ወኪል ነው፤ የቱንም ያህል ቢቀርብዎ፣ የነገሩትን ሁሉ ሻጩ እንደሚሰማው ቆጥረው ይናገሩ። ከሁለታችሁም የሚቀበል ከሆነ ዋጋ ሲነሳ በእሱ አፍ አይደራደሩ።

እርስዎ ብቻ የሚከፍሉት ቢሆንም ሒሳቡን ይሥሩት። ኮሚሽኑ 2 በመቶ ቢሆን፣ ዋጋው በ100 ሺህ ሲወርድ ለእርስዎ 100 ሺህ ይተርፍዎታል፤ ደላላው ግን 2 ሺህ ይጎድልበታል። ሳምንት ሙሉ ተከራክሮ ከማስወረድ ዛሬውኑ ማፈራረም ይሻለዋል። ለዚህ ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም።

ስለዚህ በሚችልበት ያሠሩት። ቤት በማፈላለግ፣ ቀጠሮ በማስያዝ፣ ቤቱ ገበያ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየና ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ በማወቅ ጎበዝ ደላላ የሚተካው የለም። የቤቱን ጤንነትና የሰነዱን ንጽሕና ግን እሱን አይጠይቁ። «የማውቀው መሐንዲስ አለ» ካለዎት አመስግነው የራስዎን ያምጡ።

ስምምነቱን በአንድ ገጽ ያስፍሩ፦ ስንት በመቶ፣ ማን ይከፍላል፣ እስከ መቼ (3 ወር ይበቃል)፣ ራስዎ ያገኙትን ቤት ቢገዙስ። ከሁሉ የሚያጣላው ክፍያው መቼ ነው የሚለው ነው። «ቀብድ ሲከፈል» ተብሎ ከተጻፈ ሽያጩ ቢፈርስም ኮሚሽኑ ሄዷል፤ «ስሙ ወደ ገዢው ሲዞር» ብለው ያስጽፉ። ማን የትኛውን ቤት መቼ እንዳሳየዎትም ይመዝግቡ። ያንኑ ቤት ሁለት ደላላ አሳይቶዎት ሁለቱም ኮሚሽን ሊጠይቁ ይችላሉ።

3. ዋጋ ሲያወዳድሩ የሚጠራውን ትተው የተሸጠበትን ይያዙ። በአካባቢው ባለፉት 6 ወራት የተሸጡ ቢያንስ 3 ተመሳሳይ ቤቶች ይፈልጉና ዋጋቸውን ለካሬ ሜትር ያካፍሉ።

4. ቤቱን ሁለት ጊዜ ይዩት፤ አንዱ ዝናብ ዘንቦ ባደረ ማግስት ቢሆን ይመረጣል። ሳሎኑን ማንም ያያል፤ እርስዎ ኮርኒሱን ይዩ። ሌላው ሁሉ አሮጌ ቀለም ሆኖ አንድ ጥግ ብቻ አዲስ ከተቀባ፣ ከሥሩ የውሃ ዕድፍ ሊኖር ስለሚችል ምክንያቱን ይጠይቁ። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚሄድ፣ ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ስንጥቅ ካዩ መሐንዲስ ሳያየው ዋጋ አይጥሩ። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይዝጉ፤ ብዙዎቹ እየያዙ አልዘጋ ካሉ መሠረቱ ሰምጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቧንቧዎቹን በሙሉ ዘግተው የውሃ ቆጣሪውን ለግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ማንም ሳይጠቀም ከዞረ የሆነ ቦታ ውሃ እየፈሰሰ ነው።

5. ደላላው በሚሰጥዎት ፎቶ ኮፒ አይመኑ። መዝገቡ ያለበት መሥሪያ ቤት ራስዎ ሄደው ወይም ጠበቃ ልከው የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ስፋት፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ አለመኖሩን ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛውን ስምምነት ይጠይቁ። ሽያጩ በውክልና ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ መፍቀዱንና አለመሻሩን ይዩ፤ ወካዩ ከሞተ በአብዛኛው አገር ሕግ ውክልናውም አብሮ ያበቃል። ይህን ማጣራት ከቀብዱ በፊትም ቀሪው በሚከፈልበት ቀን ጠዋትም ያድርጉት፤ እገዳ በመካከል ሊገባ ይችላል።

6. ቀብድ በደላላ እጅ አይሰጥም፤ በባንክ በኩል በደረሰኝ ይከፈል። ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ሰነዱ ላይ ጉድለት ከተገኘ እንደሚመለስ ውሉ ላይ ይስፈር።

7. በርክክቡ ዕለት የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹን ንባብ ፎቶ አንስተው በወረቀት ላይ ሻጩን ያስፈርሙ፤ የበሮቹን ቁልፍም በዚያው ቀን ያስቀይሩ።