የመዋኛ ገንዳ አላርም ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የገንዳ አላርም ልጅ ውሃ ውስጥ እንዳይወድቅ አያደርግም። የሚጮኸው ከወደቀ በኋላ ነው። ነገሩ ግልጽ ይመስላል አይደል? እኔ ግን በደንብ የገባኝ ዕቃውን ገጥሜ፣ ካርቶኑን ጥዬ፣ ጥቂት ወራት እፎይ ብዬ ከተኛሁ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ለዚህ ዕቃ የተተረተ ይመስለኛል። ልዩነቱ፣ እዚህ ጅቡ ገና ከግቢ አልወጣም። የሚሮጥ ሰው ካለ ይደረስበታል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ ሰከንድ ነው። ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ ጀምሮ የእርስዎ እጅ እስኪይዘው ስንት ሰከንድ ያልፋል? የሰመጠ ልጅ በሁለት ደቂቃ አካባቢ ራሱን ሊስት ይችላል። አራት፣ አምስት ደቂቃ ከቆየ ደግሞ አንጎሉ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ሁሉ ከዚችው ጊዜ ላይ የሚሸርፉ ናቸው።

አላርሙን እንደ አጥር መቁጠር

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ባወጣችው ሕግ፣ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ክፍት የግል ገንዳ ያለው ሰው ከአራት ነገሮች ቢያንስ አንዱን እንዲያሟላ ታስገድዳለች። አጥር፣ የደኅንነት ሽፋን፣ ገንዳውን ከላይ የሚጋርድ ከለላ፣ ወይም አላርም። ወረቀት ላይ አራቱ እኩል ናቸው። እንደኔ ያለ ሰነፍ ሲያነበው ግን ዓይኑ የሚያርፈው አላርሙ ላይ ነው። ግንበኛ አያስጠራ፣ የግቢውን መልክ አያበላሽ።

እኩል ግን አይደሉም። ሦስቱ ልጁን ያስቆሙታል። አራተኛው ለእርስዎ ይነግርዎታል። እርስዎ ከሌሉ፣ ወይም ካልሰሙ፣ የነገረው ለማንም አይደለም። አቅምዎ ከፈቀደ መጀመሪያ አጥር ያሳጥሩ፤ አላርሙ ከዚያ ይጨመር። አጥሩ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ ይሁን። በመሐል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። በሩ ደግሞ በራሱ የሚዘጋ፣ በራሱ የሚቆለፍ፣ ወደ ገንዳው ሳይሆን ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። ታዲያ ይህን ሁሉ አድርገው አጥሩ ሥር የፕላስቲክ ወንበር አይተዉ። ለሦስት ዓመት ልጅ ወንበር መሰላል ነው።

«ከወደቀ እንሰማዋለን» ማለት

አይሰሙም። ፊልም ላይ የሚሰምጥ ሰው እጁን ያወራጫል፣ ይጮኻል። ትንሽ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሄደው። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ አፉ ደግሞ ውሃ ውስጥ ነው። ሳሎን ቁጭ ብሎ በጆሮ ገንዳ መጠበቅ አይቻልም።

ዓይነቱን ሳይለዩ መግዛት

በአንድ ስም የሚሸጡት ዕቃዎች በጣም ይለያያሉ። አንዱ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ነው። ሌላው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቱቦውን ወደ ውሃው የሚሰድ ነው። ልጁ እጅ ላይ የሚታሰር አለ፤ ውሃ ሲነካው ይጮኻል። ገንዳው ወዳለበት የሚያስወጣ በር ላይ የሚገጠምም አለ።

የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 እነዚህን ዕቃዎች ፈትሾ ነበር። የተሻለ ውጤት ያሳዩት ከውሃው ገጽ በታች የሚያዳምጡት፣ ማለትም ቱቦ ወደ ውሃው የሚሰዱት ናቸው። ውሃው ላይ ከሚንሳፈፉት ያነሰ በከንቱ ይጮኻሉ፣ ገንዳው ሽፋን ለብሶም ይሠራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ነፋስ የሚያነሳው ሞገድ ትንንሽና አጭር ነው፤ ወደ ታች ሲሄድ ቶሎ ይሞታል። ሰውነት ሲወድቅ ግን ብዙ ውሃ ይገፋል። የሚፈጥረው ሞገድ ረጅም ስለሆነ ከታችም ይሰማል። ቱቦው የሚያዳምጠው ይህን ነው። ነፋሱ ከላይ ሲቀልድ እሱ ከታች ቁም ነገር ይጠብቃል ማለት ነው።

የእጁን ዓይነት በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እጁ ላይ ያሰሩለት ልጅ የእርስዎ ልጅ ነው። ሊጠይቃችሁ የመጣው የጎረቤት ልጅስ? እሱን ማን አሰረለት? ለጭማሪ ይሁን እንጂ ብቸኛ መተማመኛ አይሆንም።

ቦታውን በዘፈቀደ መምረጥ

ከማጣሪያው ተመልሶ የሚገባው ውሃ የሚተፋበት አፍ አጠገብ አይግጠሙት። ፓምፑ በተነሳ ቁጥር ይረብሸዋል። ገንዳው ቀጥ ያለ ሳይሆን እንደ ክርን የታጠፈ ከሆነ ሞገዱ ከማዶ ተዳክሞ ሊደርስ ስለሚችል ሁለተኛ ዕቃ ሊያስፈልግ ይችላል። የውሃውንም ከፍታ ይዩ። በፀሐይ ተንኖ ጥቂት ጣት በጎደለ ጊዜ ቱቦው የሚፈለገውን ያህል ላይጠልቅ ይችላል። ዕቃው ጠርዙ ላይ ኩራቱን እንደያዘ ቁጭ ብሏል፤ የሚሰማው ግን የለም።

በድንጋይ መሞከር

ብዙ ሰው ሙከራ የሚያደርገው እንዲህ ነው። አንድ ከበድ ያለ ነገር ያነሳል፣ ከላይ ወደ መሐል ይወረውራል፣ አላርሙ ይጮኻል፣ ሁሉም ያጨበጭባል። እኔም እንደዚያው አድርጌያለሁ። ልጅ ግን አይወረወርም። ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ ኳሱን ሊያወጣ ሲል ይንሸራተታል። ወይም ደረጃውን አንድ በአንድ እየወረደ ይገባል።

አሜሪካኖቹ ለእነዚህ አላርሞች ያወጡት መለኪያ፣ ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 2208 የሚባለው፣ መነሻው የአንድ ዓመት ልጅ ክብደት ነው፤ 8 ኪሎ ገደማ። ስለዚህ በጄሪካን 8 ሊትር ውሃ ይሙሉ፣ ክዳኑን ያጥብቁ፣ እጀታው ላይ ገመድ ይሰሩ። ከዚያ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡትና በእግርዎ ገፋ ያድርጉት። ሰዓት ይያዙ። አንድ ቦታ ብቻ አይሞክሩ፤ ከአላርሙ በጣም ከሚርቀው ጥግም፣ ከጥልቁም፣ ከጥልቀት የለሹም በኩል ይሞክሩ።

የኛው አላርም ከጠርዙ ስገፋለት ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ጮኸ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጄሪካኑን ይዤ ወደ ደረጃው ሄድኩ። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት፣ ገመዱን ላላ አድርጌ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው ቀስ እያልኩ አንሸራተትኩት። ዝም። ጄሪካኑ ውሃ ውስጥ ሆኖ እኔን ያየኛል፣ እኔ አላርሙን አያለሁ። ዕቃው አልተበላሸም። ሞገድ የለም፣ ሞገድ ከሌለ ደግሞ የሚሰማው ነገር የለም። ደረጃው ያለበት ጎን በሌላ ነገር መዘጋት እንዳለበት የገባኝ ያን ዕለት ነው። ማኑዋሉን ስመለከት በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። ያነበበው ግን አልነበረም።

ሲሰለች ማጥፋት

ከሁሉም የማስበልጠው ስህተት ይህ ነው። ጥሩ ዕቃ የገዙ ሰዎችን እንኳ የሚጥላቸው እሱ ነው።

አንድ ወዳጄ ቤት ምሳ ተጋብዘን ማንኪያ ሊያመጣ መሳቢያ ከፈተ። ከሹካዎቹ ጋር የአላርሙ ተቀባይ ተኝቷል። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው፣ ድምፁን የሚያሰማው ማለት ነው። ባትሪዎቹ ወጥተው ከጎኑ በላስቲክ ታስረዋል።

«ምነው?» አልኩት።

«ባክህ ተወው፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እየጮኸ አሰለቸን። ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ያስነሳናል።»

በመስኮት ስመለከት ውጭ ያለው ዕቃ ገንዳው ጠርዝ ላይ ነው። መብራቱ አረንጓዴ፣ ብልጭ ብልጭ ይላል። የሚያየው ሁሉ እየሠራ ነው ብሎ ይተማመናል። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚህ ይልቅ ጭራሽ አላርም ባይኖር ይሻል ነበር። የሌለው ሰው ቢያንስ ይጠነቀቃል።

በከንቱ ሲጮኽ ጥፋተኛውን ይፈልጉ። ብዙውን ጊዜ ይገኛል። የሚጮኸው ፓምፑ ሲነሳ ነው? ሽቦው የላላ የሽፋን ጠርዝ ውሃውን እየመታው ነው? ገንዳውን የሚጠርገው ሮቦት እየሠራ ነው? አብዛኞቹ ላይ ዕቃው ለሞገድ ያለውን ስሜት ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት አለ። አንድ አንድ እርከን እየቀነሱ ይሞክሩ፤ በቀነሱ ቁጥር ግን ያን ጄሪካን መልሰው ይግፉት። ዝም ያሰኙት ነፋሱን ብቻ ይሁን። ይህ ሁሉ ተሞክሮም ካልሆነ ለቦታው የማይመች ዕቃ ነውና ይለወጥ። መሳቢያ ውስጥ አይግባ።

ከዋና በኋላ መልሶ አለማብራት

ሰው ሲዋኝ አላርሙ ይጠፋል፤ ግድ ነው። ችግሩ ሲወጡ ነው። ሁሉም ፎጣውን ይዞ ይገባል፣ ማን መልሶ ያብራው? በራሱ ተመልሶ የሚነሳውን ዓይነት ይምረጡ። ውሃው ጸጥ ሲል ራሱ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አሻንጉሊቶቹንም ከውሃው ያውጡ። ቢጫ ዳክዬ ገንዳው መሐል እየተንሳፈፈች ትንሽ ልጅ አይተኛም።

ድምፁ ማንም የሌለበት ቦታ መጮኹ

አምራቾች 85 ዴሲቤል ሲሉ ብዙ ይመስላል። ግን የተለካው በ3 ሜትር ርቀት ነው። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። በ6 ሜትር 79፣ በ12 ሜትር 73፣ በ24 ሜትር 67 ይሆናል። ይህ ግድግዳ ሳይኖር ነው። በመሐል የተዘጋ መስኮት፣ ከዚያ የተከፈተ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ የሚጠበስ ሽንኩርት ይጨምሩበት። ተቀባዩ ቤት ውስጥ፣ ሰው በሚውልበት ክፍል መቀመጥ አለበት። ሌሊት ደግሞ መኝታ ቤት። በሁለት ወፍራም ግድግዳ አልፎ ሲግናሉ መድረሱንም በሙከራ ያረጋግጡ።

አሁን አሁን ስልክ ላይ መልእክት የሚልኩ መጥተዋል። ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ ሳይለንት ይሆናል፣ ቻርጅ ይጨርሳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል። ሳይረኑን ተክቶ ብቻውን እንዲሠራ አይፍቀዱ።

ከጩኸቱ በኋላ ያለውን አለማሰብ

አላርሙ ጮኸ። ማን ይሮጣል? ሰው በበዛበት ቤት አባት እናት ያየች ይመስለዋል፣ እናት አባት የወጣ ይመስላታል። አስቀድመው ተነጋገሩ፤ ቅርብ ያለው ይሮጣል፣ ሌላው ስልክ ይዞ ይከተላል። ጠርዙ ላይ ረጅም ዘንግና የሚወረወር ቀለበት ይኑር፤ ዋና የማይችል ሰው ዘሎ ከገባ የሚወጡት ሁለት ናቸው። ቤቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰው ትንፋሽ መስጠትና ደረት መጫን ይማር። የሰመጠ ሰው ያጣው አየር ነውና የሚጀመረው ከትንፋሹ ነው። ደግሞ አላርሙ ባይጮኽም ልጅ ከዓይን ከጠፋ መጀመሪያ የሚታየው ገንዳው ነው። ቁም ሳጥኑ፣ አልጋ ሥሩ በኋላ ይደረሳል።

ባለፈው እሑድ እኛ ቤት ሰዓት ይዘን ሞከርነው። ሳልናገር ጄሪካኑን ገፋሁት። አላርሙ በ5ኛው ሰከንድ ጮኸ። ባለቤቴ ኩሽና ነበረች፣ በ9ኛው ሰከንድ ሰማሁ ብላ ተነሳች። በ14ኛው የጓሮው በር ጋ ደረሰች። በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ መስኮቱ ላይ የለም። ጠረጴዛው ላይም የለም። ኮቴ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ጄሪካኑን ስትይዘው ሰዓቱ 58 ይላል። ከሰዓት በኋላ በሩ አናት ላይ፣ ልጅ የማይደርስበት ቦታ፣ ምስማር መታሁና ቁልፉን ሰቀልኩት። ደግመን ሞከርን። 21 ሰከንድ።