ዓሳ በኮባ፣ ምጣድ ላይ

ዓሳ በዘይት መጥበስ የሰለቻችሁ ይቺን ሞክሩ። ለድፎ ዳቦ የምንገዛው ኮባ አለ አይደል፣ እሱን አጥባችሁ እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት፣ ጠቆር ብሎ ማብረቅረቅና እንደልብ መተጣጠፍ ሲጀምር ይበቃዋል፣ ካልተለበለበ ሲጠቀለል ይቀደድና ጁሱ ሁሉ ምጣድ ላይ ይቀራል። ከዛ ዓሳውን (ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ) ጎንና ጎኑን በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨው፣ ሚጥሚጣና የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት እሹት፣ ሆዱ ውስጥ በሶብላና ቃሪያ ጠቅጠቅ፣ ትንሽ ዘይት (በፆም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ የለሁበትም 😀)። ሎሚውን ግን ሲበስል ጨምሩት፣ ቀድሞ ከተዘፈዘፈበት ሥጋው ይደርቃል። ደርባችሁ ጠቅልሉና የጋለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አክንባሎ ድፉበት፣ መሀል ላይ አንዴ አገላብጡት፣ መካከለኛ ዓሳ 20 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል፣ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ከለቀቀ ደርሷል። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የእስያ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ ያለው የሙዝ ቅጠል ይሆናችኋል።